ማሽላ የሌለበት ማማ፦ የኮሎምቦው ሎተስ ታወር ለማን ቆመ?

ሴፕቴምበር 16 ቀን 2019 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የስሪላንካው ፕሬዚዳንት ማይትሪፓላ ሲሪሴና በአገሪቱ የንግድ መዲና በኮሎምቦ፣ ቤይራ ከተባለው ሐይቅ ዳርቻ የቆመውን የቴሌኮሙኒኬሽን ማማ መረቁ። ቁመቱ 350 ሜትር ይደርሳል። ግንዱ አረንጓዴ ሲሆን አናቱ ላይ በቡድሂስቶች ዘንድ የንጽሕና ምልክት የሆነው የሎተስ አበባ ተቀምጦበታል። በደቡብ እስያ ይህን የሚያህል ማማ የለም ተባለ።

እንዲህ ያለ ምረቃ ላይ መሪዎች የሚናገሩት የታወቀ ነው። ሲሪሴና ግን ሪባኑ በተቆረጠበት መድረክ ላይ ሆነው፣ ግንባታው ሲጀመር ከእርሳቸው በፊት በነበረው መንግሥት ከተከፈለው ቅድሚያ ክፍያ ውስጥ 2 ቢሊዮን ሩፒ የት እንደገባ አልታወቀም ሲሉ አማረሩ። ክሱ ብዙ አከራከረ። ማማው ከምረቃው በኋላም ለሕዝብ ሳይከፈት ሦስት ዓመት ቆየ። በመጨረሻ በሩ የተከፈተው ሴፕቴምበር 2022 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ አገሪቱ የውጭ ዕዳዋን መክፈል አቁማ፣ ፕሬዚዳንቷም ሸሽተው ነበር።

የዓለም መገናኛ ብዙኃን ይህንን ማማ «ነጭ ዝሆን» እያሉ፣ የቻይና ዕዳ ወጥመድ ሐውልት አድርገው ጽፈውበታል። ነገሩ ግን ከዚህ ጠለቅ ያለ ነው። አንድ አገር ለመገናኛ ብሎ የሚያቆመው ማማ መቼ ነው የአገር ምልክት የሚሆነው? መቼስ ነው ምልክት ለመሆን ሲባል ብቻ መገናኛነት የሚለጠፍበት? በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ስሪላንካውያን በውድ ዋጋ ነው የተማሩት። ትምህርቱም ከዚያው አበዳሪ ተበድረን፣ ከእነርሱ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ዘግይተን ክፍያ ላቋረጥነው ለእኛ ሩቅ አይደለም።

ሥራ የወለዳቸው ማማዎች

በዓለም ላይ ስማቸው የገነነውን ማማዎች ታሪክ ወደኋላ ብንመለከት፣ አብዛኞቹ የተወለዱት ከችግር ነው። ካናዳዊቷ ቶሮንቶ በ1960ዎቹ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች ሲበዙባት የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ሞገድ በሕንፃዎቹ እየተጋረደ አስቸገረ። የካናዳ ብሔራዊ የባቡር ድርጅት ከ1973 እስከ 1976 ባለው ጊዜ 553 ሜትር የሚደርሰውን ሲኤን ታወር ያቆመው ይህንኑ ችግር ለመፍታት ነው። እርግጥ የድርጅቱን ጉልበት ለማሳየትም ጭምር ነበር። ሆኖም ማማው ከ30 ዓመት በላይ በዓለም ረጅሙ ነጻ ቋሚ ግንባታ እየተባለ ሲጎበኝ፣ የከተማዋ ነዋሪ ደግሞ በየቤቱ ጥርት ያለ ምስል ያይ ነበር።

ቶኪዮም እንዲሁ ናት። በ1958 የተሠራው 333 ሜትር የሚረዝመው ቶኪዮ ታወር ከጦርነት ፍርስራሽ የተነሳች አገር ምልክት ሆነ። ዙሪያውን ረጃጅም ሕንፃዎች ሲከብቡትና ጃፓን ወደ ዲጂታል ቴሌቪዥን ስትሸጋገር፣ 634 ሜትር ያለው ስካይትሪ በ2012 ተከፈተ። ምክንያቱ ተጽፎ የሚነበብ፣ በመሐንዲስ ስሌት የሚረጋገጥ ነበር።

የፓሪሱ ኤፍል ታወር ታሪክ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። በ1889 ለዓለም ኤግዚቢሽን ሲቆም ፈቃዱ ለ20 ዓመት ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሊፈርስ ይችል ነበር። ከመፍረስ ያዳነው ውበቱ ብቻ አይደለም። ወታደራዊው የሽቦ አልባ ቴሌግራፍ አንቴና አናቱ ላይ ስለተተከለና ጥቅሙ ስለታየ ነው። የፈረንሳይ ምልክት የምንለው ብረት ዛሬ ድረስ የቆመው ሥራ ስላገኘ ነው ማለት ይቻላል።

ለፖለቲካ ተብለው የቆሙም አሉ። የምሥራቅ ጀርመን ኮሚኒስት መንግሥት የበርሊንን የቴሌቪዥን ማማ በ1969 ሲያስመርቅ፣ ከግንቡ ወዲያ ማዶ ላሉት ምዕራባውያን «አለን» ለማለት ነበር። መጀመሪያ የታሰበው ከከተማው ወጣ ካለ ኮረብታ ላይ ሲሆን፣ የአውሮፕላን መስመር ሆኖ ሲገኝ ቀርቶ ማማው በመጨረሻ መሐል ከተማ ተተከለ። ፀሐይ ስታርፍበት በብረት ኳሱ ላይ የመስቀል ቅርጽ ይታይ ነበርና፣ እግዚአብሔር የለም ባለው መንግሥት የተሳለቁ በርሊናውያን «የጳጳሱ በቀል» አሉት። የተከፈተው ኦክቶበር 3 ቀን 1969 ነው፤ ያቆመው መንግሥት ከካርታ የጠፋውም በ1990 በዚያው በኦክቶበር 3 ነው። ማማው ግን ቀረ፤ የተባበረችው በርሊንም የራሷ ምልክት አደረገችው። የቀረበት አንዱ ምክንያት ምሥራቅም ምዕራብም የሚፈልገውን ሥርጭት ይሠራ ስለነበር ነው።

ሕዝብ ራሱ በደሙ ምልክት ያደረገውም አለ። ጃንዋሪ 13 ቀን 1991 የሶቪየት ወታደሮች በሊቱዌኒያ መዲና በቪልኒየስ የቴሌቪዥን ማማውን ሊይዙ ሲመጡ፣ ባዶ እጁን የወጣ ሕዝብ ከበበው። በዚያ ሌሊት ከተገደሉት 14 ሰዎች አብዛኞቹ የሞቱት ማማው ሥር ነው። ማማውን የሶቪየት መሐንዲሶች ቢሠሩትም፣ ትርጉሙን የሰጡት ዜጎቹ ናቸው። ዜጎቹ የሞቱለት ደግሞ የማማው ቁመት አልነበረም፤ ከማማው የሚወጣው ድምፅ ነው።

በ2012 ማማ ለምን?

አሁን ወደ ኮሎምቦ እንመለስ። የሎተስ ታወር ውል የተፈረመውና ግንባታው የተጀመረው በጃንዋሪ 2012 ነው። ጊዜው የፕሬዚዳንት ማሂንዳ ራጃፓክሳ ዘመነ መንግሥት ነበር። ከ25 ዓመት በላይ የቆየው የእርስ በርስ ጦርነት በሜይ 2009 በመንግሥት ድል ተጠናቋል። አሸናፊው መንግሥት በቻይና ብድር በሐምባንቶታ ወደብ፣ በማታላ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ እየሠራ ነበር። ማማውም የዚያው ዘመን ልጅ ነው። ወጪው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር እንዲሸፈን ታቀደ። ባለቤቱ የአገሪቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ነው። መጀመሪያ የታሰበው ከከተማዋ ወጣ ብላ በምትገኘው ፔሊያጎዳ ቢሆንም፣ ኋላ ወደ መሐል ኮሎምቦ ተዛወረ።

ዕቅዱ በወረቀት ላይ ያማረ ነበር። እስከ 50 የቴሌቪዥን አገልግሎቶች፣ ከ30 በላይ የኤፍኤም ሬዲዮ ጣቢያዎችና ወደ 20 የሚጠጉ የቴሌኮም ድርጅቶች ይጠቀሙበታል ተባለ። በዚያ ላይ የሚሽከረከር ሬስቶራንት፣ የስብሰባ አዳራሽ፣ ሱቆችና ከተማዋን ቁልቁል የሚያሳይ ሰገነት ተጨመሩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቴክኒካዊ ነገር ማንሳት ግድ ይላል። የኤፍኤምና የቴሌቪዥን ሞገድ እንደ ዓይን ዕይታ ነው፤ በቀጥታ ይሄዳል፤ መሬት ስትጎብጥ ይጋረዳል። ስለዚህ አንቴናው ከፍ ሲል ሩቅ ይደርሳል። ትርፉ ግን እያነሰ ይሄዳል። ሜዳ ላይ ከ90 ሜትር ከፍታ የተላከ ሞገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢደርስ፣ ከ350 ሜትር የተላከው 77 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚደርሰው። ቁመቱ ወደ አራት እጥፍ አድጎ ርቀቱ እጥፍ እንኳ አይሞላም። ወጪው ግን በአራት እጥፍ የሚቆም አይደለም። ነፋሱን፣ ክብደቱንና መሠረቱን የሚያሰላ ማንኛውም መሐንዲስ ይህን ያውቃል።

ተፈጥሮ ለስሪላንካ የሰጠችው ማማም ነበር። የአገሪቱ ከፍተኛ ተራራ ፒዱሩታላጋላ ከ2500 ሜትር በላይ ሲሆን፣ የመንግሥቱ ቴሌቪዥን ከ1980ዎቹ ጀምሮ አናቱ ላይ ማሰራጫ ነበረው። በጦርነቱ በፈረሰው በሰሜኑ ክፍል ደግሞ ኮካቪል በተባለ ስፍራ 174 ሜትር የሚረዝም የሥርጭት ማማ በ2011 ተመርቋል። ለዓመታት ከአገሩ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ተቆርጦ ለኖረ ሕዝብ የተሠራ በመሆኑ ጥቅሙን ማንም አልጠየቀም። ሬስቶራንት የለውም፤ አበባም የለውም፤ ከአካባቢው ውጪ ስሙን የሚያውቀውም ጥቂት ነው።

የሞባይል ስልክ ነገርማ ጭራሽ የተለየ ነው። የሞባይል ኔትወርክ የሚሠራው በአንድ ግዙፍ ማማ ሳይሆን በሺህ በሚቆጠሩ አጫጭር ማማዎችና በጣራ ላይ አንቴናዎች ነው። እያንዳንዱ አንቴና ጠባብ አካባቢን ብቻ ሸፍኖ፣ ያው ፍሪኩዌንሲ ጥቂት ራቅ ብሎ እንደገና ሥራ ላይ ይውላል። አንቴናውን 300 ሜትር ላይ ብትሰቅሉት ከተማውን ሁሉ ይረብሻል እንጂ ብዙ ደንበኛ አያስተናግድም። የአገሮች የረጅም ርቀት ግንኙነት ደግሞ ወደ ፋይበር ኦፕቲክና ወደ ሳተላይት ከዞረ ቆይቷል። በ2012 «የቴሌኮሙኒኬሽን ማማ» የሚለው ስም ሊያመለክት የሚችለው በዋናነት የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሥርጭትን ነበር ማለት ነው።

የቴሌቪዥኑስ? ስሪላንካ ለዲጂታል ሥርጭት የጃፓንን ስታንዳርድ መርጣ የነበረው በ2014 ነው። ማማው ለጎብኚ ሲከፈት፣ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ሽግግሩ ገና አልተጠናቀቀም ነበር። ማማው ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ የሚያሰራጨው ሥራ ግን ገና በመንገድ ላይ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ፖሊሲው ሳይቀድም ኮንክሪቱ ቀደመ።

የትኬቱ ሂሳብ

ሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 በሩ ሲከፈት ማማውን ለማስተዳደር የተቋቋመው ኩባንያ የጥገና ወጪው ከባድ መሆኑን፣ ገቢ የሚያመጣውም የጎብኚ ትኬት፣ የሱቅና የቢሮ ኪራይ፣ ሌላው ቀርቶ በገመድ ታስሮ ቁልቁል የመዝለል ጨዋታ እንደሚሆን ገለጸ። ለአገሬው ሰው ዝቅተኛው መግቢያ 500 ሩፒ፣ ለውጭ ጎብኚ 20 ዶላር ሆነ። በዚያው ወር በኮሎምቦ የዋጋ ግሽበቱ ወደ 70 ከመቶ ደርሶ ነበር። ያም ሆኖ ሰው ተሰልፎ ገባ። ከጥቂት ወራት በፊት ለነዳጅና ለጋዝ ቀናትን ሲሰለፍ የነበረ ሕዝብ ልጆቹን ይዞ ከተማውን ከላይ ለማየት መውጣቱ ሊያስወቅሰው አይገባም። ዕዳውን የሚከፍለው እርሱ ነውና ቢያንስ ይየው።

ግን እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። ውሉ ሲፈረም አንድ ዶላር በ115 ሩፒ ገደማ ይመነዘር ነበር። ትኬት መሸጥ ሲጀመር ወደ 360 ሩፒ ደርሷል። 500 ሩፒ በዚህ ምንዛሪ ከ1 ዶላር ከ40 ሳንቲም አይበልጥም። በዚህ ዋጋ ብቻ 100 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ ከ70 ሚሊዮን በላይ ትኬት መሸጥ አለበት። የስሪላንካ ሕዝብ ደግሞ 22 ሚሊዮን ያህል ነው። ከሕፃን እስከ ሽማግሌ እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ጊዜ መውጣት ይኖርበታል፤ ይህም ወለዱ፣ የመብራቱ፣ የአሳንሰሩና የጥበቃው ወጪ ሳይታሰብ ነው። በውጭ ጎብኚ ብቻ እንክፈል ከተባለ 5 ሚሊዮን ቱሪስት ያስፈልጋል። አገሪቱ እጅግ ብዙ ቱሪስት ባስተናገደችበት በ2018 የመጣው 2.3 ሚሊዮን ነበር። እርግጥ የሱቅና የአንቴና ኪራይ አለ። የዋጋው መዛባት ግን ግልጽ ነው፦ ዕዳው በዶላር፣ ገቢው በሩፒ።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ስሪላንካን ያከሰራት ማማው አይደለም። አገሪቱ ክፍያ ስታቋርጥ የውጭ ዕዳዋ 51 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ ማማው ከዚያ ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ሩቡን አይሞላም። ከዕዳው ትልቁን ድርሻ የያዙትም በዓለም ገበያ የተሸጡ ቦንዶች እንጂ የቻይና ብድር አልነበረም። በ2019 በፋሲካ ዕለት የደረሰው የቦምብ ጥቃት ቱሪዝሙን ጎዳው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የተደረገው የግብር ቅነሳ የመንግሥትን ካዝና አራቆተ። ኮቪድ ተከተለ። በ2021 የኬሚካል ማዳበሪያ በድንገት ሲታገድ እርሻው ወደቀ። በሜይ 2022 አገሪቱ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ዕዳ መክፈል ተሳናት። በጁላይ ተቃዋሚዎች ቤተ መንግሥቱን ሲወርሩ፣ የማሂንዳ ወንድም ፕሬዚዳንት ጎታባያ ራጃፓክሳ ከአገር ወጡ።

ታዲያ ማማው ለምን ይነሳል? ዕዳውን ባይወልደውም አሠራሩን ስለሚያሳይ ነው። በምን ጥናት ተወሰነ? ለምን ከፔሊያጎዳ መሐል ከተማ ገባ? ቅድሚያ ክፍያው ለማን፣ በምን ዋስትና ተከፈለ? የሥርጭት ፖሊሲው ሳይለይ ማን አስቸኮለ? እነዚህ ጥያቄዎች በጊዜያቸው ቢጠየቁ ኖሮ፣ አንድ ፕሬዚዳንት በምረቃ ቀን ስለጠፋ ገንዘብ ባልተናገሩ ነበር። ማማውን የሚጠይቅ ተቋም ከሌለ ወደቡንም፣ አውሮፕላን ማረፊያውንም፣ የግብር ቅነሳውንም የሚጠይቅ አይኖርም። ደግሞም የምልክት ክፉ ጠባዩ ይኸው ነው። የመንገድ ፕሮጀክትን የነቀፈ ሰው ስለ ዋጋ ተከራከረ ይባላል፤ የአገር ምልክት የተባለውን የነቀፈ ግን አገሩን እንደነቀፈ ይቆጠራል። ምልክትነት የሂሳብ ምርመራን ያስቀራል።

ስለ እኛስ?

ኢትዮጵያ ይህን የመሰለ የቴሌኮም ማማ የላትም። ለአዲስ አበባ እንጦጦና ፉሪ በነጻ የተሰጧት ማማዎች ናቸው፤ እንጦጦ ብቻውን ከባሕር ጠለል ከ3000 ሜትር በላይ ነው። የቻይና ብድር ወደ ቴሌኮሙ የገባው በሌላ መልክ ነው። በ2006 ከዜድቲኢ ጋር የተፈረመው የ1.5 ቢሊዮን ዶላር፣ ቀጥሎም በ2013 ከሁዋዌና ከዜድቲኢ ጋር የተደረገው የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት በብዙ ሺህ በሚቆጠሩ አጫጭር ማማዎች፣ በፋይበርና በሲም ካርድ መልክ አገሩን አዳርሷል። በጥራቱና በጨረታው አካሄድ ላይ ብዙ ተወቅሷል፤ ወቀሳውም ተገቢ ነበር። ቢያንስ ግን ገንዘቡ ወደ አገልግሎት ተለውጦ በየኪሳችን ይገኛል፤ ገቢም ያስገባል።

ሌላው እንዲህ ቀላል አይደለም። 475 ሚሊዮን ዶላር የፈጀው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 85 ከመቶ የሚሆነው ወጪ በዚያው በኤግዚም ባንክ ብድር ተሸፍኖ በ2015 ሥራ ሲጀምር፣ የከተማዋ አዲስ ገጽ ተብሎ ፎቶው በየቦታው ተለጠፈ። ከዓመታት በኋላ ከተገዙት ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። መለዋወጫው በዶላር ይገዛል፤ ተሳፋሪው በብር ይከፍላል። በዲሴምበር 2023 ኢትዮጵያ በ2014 ለሸጠችው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። በጁላይ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በኮሎምቦ ትኬት ላይ የሠራነው ሂሳብ በእኛም ላይ ይሠራል።

ይህ ማለት ድሃ አገር የሚያምር ነገር አይሥራ ማለት አይደለም። ሕዝብ ቀና ብሎ የሚያየው ነገር ያስፈልገዋል፤ ላሊበላንና አክሱምን ያቆመ ሕዝብ ይህን አይከራከርም። ጥያቄው ቅደም ተከተሉ ነው። ከተማን ለማሳመር የሚወጣ ገንዘብ በስሙ ይጠራ፤ የማሳመሪያ በጀት ይባል፤ ምክር ቤት ይከራከርበት። ለመገናኛ የሚወጣው ደግሞ ስንት ሰው አዲስ አገልግሎት እንዳገኘበት ይመዘን። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው ውበቱ «ለቴክኖሎጂ ነው» እየተባለ፣ ቴክኖሎጂው ደግሞ «የአገር ኩራት ነው» እየተባለ ሁለቱም ከምርመራ የሚያመልጡት። የምንዛሪውም ነገር በውሉ ላይ ከመፈረም በፊት ይታሰብ፤ በብር የሚሸጥ አገልግሎት በዶላር ብድር ሲሠራ ልዩነቱን ማን እንደሚሸከም አስቀድሞ ይነገር። ያለበለዚያ የአበው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው ይመጣል፤ ብድሩን የሚመልሰው ደግሞ ተበዳሪው ባለሥልጣን ሳይሆን ግብር ከፋዩ ነው።

ሎተስ ታወር ምናልባት ነገ ሥራውን ያገኝ ይሆናል። የዲጂታል ሥርጭቱ ሲጠናቀቅ አንቴናዎቹ ይሞላሉ፤ ቱሪስቱም ይመጣል። በርሊናውያን በሳቁበት ማማ እንደኮሩ ሁሉ፣ የኮሎምቦ ልጆችም በዚህ ይኮሩ ይሆናል። ያ ቀን ቢመጣ ግን የከፈሉትን ዋጋ ስለረሱት እንጂ ዋጋው ትክክል ስለነበር አይሆንም።

ገበሬያችን ማማ የሚሠራው ማሽላው ሲያሸት ነው። ማማው ላይ ልጁ ወጥቶ ወፍ ይጠብቃል፤ አዝመራው ሲሰበሰብ ማማው ይፈርሳል ወይም ለከርሞ ይቀመጣል። ማሽላ ሳይዘራ ማማ የሚያቆም ገበሬ ቢገኝ ጎረቤቱ ሁሉ ምን እንደሚጠብቅ ይጠይቀው ነበር። ለመንግሥታት ግን ይህን የሚጠይቅ ጎረቤት የለም፤ የሚጠይቀው ዜጋው፣ ምክር ቤቱና ጋዜጣው ነው፤ መጠየቅ ያለበትም መሠረቱ ሳይቆፈር ነው።